ፌልት ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የቁልፍ መያዣ፣ የመርፌ ትራስ፣ የሕፃን አሻንጉሊት፣ የገና ዛፍ ጌጥ የመሳሰሉትን በፌልት (ሳይሸመን ፀጉሩ ተጠላልፎ በሚሠራ ጨርቅ) መሥራት ለጀማሪ የሚመከረው ጨርቁ ጠርዙ ስለማይተረተር ነው። ምክሩ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ፌልት የማይተረተረው ድርና ማግ ስለሌለው ነው። በርኖስና ባና ከሱፍ ቢሠሩም የተሸመኑ ናቸው፤ መርፌ ሲገባባቸው ክሩን አጥብቆ የሚይዝ ድር አላቸው። ፌልት ላይ ስፌቱን የሚይዘው እርስ በርሱ የተጠላለፈ ፀጉር ብቻ ነው። ከዚህ በታች ካሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመጡት ፌልትን እንደ አቡጀዲ ከመቁጠር ነው።

ስፌቱ ጠርዙን ቀዶ ይወጣል

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው። አሻንጉሊቱ ተሰፍቶ አልቋል፣ ያምራል፤ ልጅ ክንዱን ይዞ አንድ ጊዜ ሲጎትተው ክሩ ሳይበጠስ ጠርዙን ሰንጥቆ ይወጣል። ክሩ አለመበጠሱን ልብ ይበሉ። ደካማው ክሩ ስላልሆነ ወፍራም ክር ማስገባት መፍትሄ አይሆንም። እንዲያውም ወፍራም ክር ሰፊ ቀዳዳ ስለሚፈልግ ነገሩን ያባብሰዋል።

ጠርዙን ወደ መስኮት ብርሃን ይያዙና ቀዳዳዎቹን ይመልከቱ። ክብ መሆናቸው ቀርቶ ወደ ጠርዙ ተለጥጠው ሞላላ ከሆኑ፣ መርፌው የተወጋው ለጠርዙ በጣም ቀርቦ ነው። ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ተራ ፌልት ላይ መርፌው ከጠርዙ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ መውጋት አለበት። ቀዳዳዎቹ ክብ ሆነው ግን በመካከላቸው የቀረው ጨርቅ ከሳሳ ደግሞ ስፌቱ ከመጠን በላይ ተቀራርቧል። የሸማ ልብስ የለመደ እጅ ስፌት ሲያቀራርብ ሥራውን ያጠነከረ ይመስለዋል፤ ፌልት ላይ ግን እንዲህ ማድረግ ጠርዙን እንደ ቴምብር ወረቀት መበሳት ነው። በአንዱ ስፌትና በሚቀጥለው መካከል ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይበቃል።

የተቀደደውን በዚያው መስመር ላይ ደግመው አይስፉት፤ የላላ ፀጉር ክር አይዝም። ስፌቱን በትንሽ መቀስ ፈትተው የሁለቱንም ገጽ ጠርዝ ዙሪያውን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይከርክሙና በጤነኛው ቦታ ላይ እንደገና ይስፉ። ሥራው ትንሽ ያንሳል፣ ማንም አያውቅም። መከርከም የማይቻል ከሆነ ከውስጥ በኩል ስስ የአቡጀዲ ቅዳጅ ደርበው ይስፉ፤ ክሩ የሚይዘው ድርና ማግ ያገኛል። ክንድ፣ ጆሮና ጅራት ፈጽሞ ከላይ ተለጥፈው መሰፋት የለባቸውም። የታችኛው ጫፋቸው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል በሁለቱ ገጾች መካከል ይግባና ሦስቱ አንድ ላይ፣ ወደ ኋላ እየተመለሱ በሚሰፉት ስፌት ይያዙ።

ብርድ ልብስ ጠርዝ ላይ የምናየው ስፌት ማዕዘን ላይ ሲደርስ የሚላላውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ማዕዘኑ ላይ በአንድ ቀዳዳ ሦስት ጊዜ ይውጉ፤ የመጀመሪያው ክር ወደ መጡበት ጎን፣ ሁለተኛው በጫፉ ላይ፣ ሦስተኛው ወደሚሄዱበት ጎን ይረፍ።

ፊቱ እንክብል እንክብል ያወጣል

እዚህ ጥፋቱ የእጅ ሳይሆን የዕቃው ነው። በፌልት ስም የሚሸጠው ጨርቅ ሦስት ዓይነት ነው፦ ንጹሕ ሱፍ፣ ሱፍና ሬዮን (ከእንጨት የሚወጣ ክር) የተቀላቀሉበት (ብዙውን ጊዜ የሱፉ ድርሻ ከ20 እስከ 35 በመቶ ነው)፣ እና ከፖሊስተር ወይም ከአክሪሊክ የተሠራ ሰው ሠራሽ። ለልጆች የእጅ ሥራ ተብሎ በጽሕፈት መሣሪያ መደብር በባለቀለም ቅጠል የሚሸጠው በአብዛኛው የመጨረሻው ነው። የበግ ፀጉር ላዩ በጥቃቅን ቅርፊት የተሸፈነ በመሆኑ ሙቀት፣ ውኃና እሽታ ሲያገኝ ቅርፊቶቹ ተቆላልፈው ይቀራሉ። ፖሊስተር እንዲህ ያለ ቅርፊት የለውም፤ በፋብሪካ እሾህ ያላቸው መርፌዎች ደጋግመው እየወጉት ነው የሚጠላለፈው። ስለዚህ እጅ ሲያሸው ፀጉሩ ቶሎ ይላቀቃል።

የሱፍ ፌልት ምን ያህል ሊቆይ እንደሚችል ለማየት በሴንት ፒተርስበርግ የሚገኘውን ኤርሚታዥ ሙዚየም ማስታወስ ይበቃል። በአልታይ ተራሮች ከፓዚሪክ መቃብሮች የወጣና በረዶ የጠበቀው ትልቅ የፌልት ምንጣፍ ከ2,000 ዓመታት በላይ ቆይቶ አሁንም ቀለሙ ይታያል። የእኛ የቁልፍ መያዣ ግን በረዶ ውስጥ ሳይሆን ኪስ ውስጥ ነው የሚውለው።

የገዙት ምን እንደሆነ ካላወቁ ጣት የምታህል ቁራጭ በወረንጦ ይዘው በብረት ሳህን ላይ ክብሪት ያስጠጉባት። ሱፍ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲርቅለት ይጠፋል፤ አመዱም በጣት ሲነኩት ይደቃል። ፖሊስተር ተኮማትሮ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝም ጠጣር እንክብል ይሆናል። አክሪሊክ ቶሎ ተቀጣጥሎ ጥቁር ጭስ ያወጣል። የተቃጠለ ወረቀት ሽታ ከፀጉር ሽታ ጋር ከመጣ ሬዮን የተቀላቀለበት ነው። መስኮት ይከፈት፣ ልጆች ይራቁ፣ የቀለጠውንም ሳይቀዘቅዝ አይንኩት።

ያወጣውን እንክብል ጨርቁን ወጠር አድርገው በምላጭ በስሱ ይላጩት፤ በጣት መንቀል ሌላ ፀጉር ይዞ ይመጣል። ለቀጣዩ ሥራ ደግሞ ሰው ሠራሹን ተሰቅሎ ለሚታይ ነገር፣ ሱፉን ወይም ቅይጡን በእጅ ለሚያዝ ነገር ይመድቡ። ሁሉንም በንጹሕ ሱፍ ለመሥራት ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ክሩ እየተጠማዘዘ ይቋጠራል

ክሩ ረዝሟል። መርፌ በተደጋጋሚ ላለማስገባት ብሎ አንድ ሜትር ክር የሚቆርጥ ሰው ያተረፈውን ጊዜ ቋጠሮ ሲፈታ ያጠፋዋል። ከጣት ጫፍ እስከ ክርን የሚደርስ፣ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበቃል። ባለ ስድስት ዘለላ የጥልፍ ክር ከሆነ ሁለት ዘለላ ብቻ ይጠቀሙ፤ ሲለዩም አንዱን ብቻ ይዘው ወደ ላይ ይሳቡት፣ ሌላውን እንዲሁ፣ ከዚያ ያጣምሯቸው። ሁለቱን አንድ ላይ ለመሳብ ከሞከሩ ሁሉም ይወሳሰባል። ስፌቱ እየሄደ ክሩ ሲጠማዘዝ ጨርቁን ገልብጠው መርፌውን ወደ ታች ይልቀቁት፤ ራሱ ተሽከርክሮ ይፈታል። ክሩን በንብ ሰም ላይ አንድ ጊዜ ማሳለፍም ይረዳል።

ክሩ ሳይቋጠር መርፌው ዓይን አጠገብ እየሳሳ የሚሄድ ከሆነ መርፌው ነው። የእጅ መርፌ ቁጥሩ ሲጨምር እየቀጠነ ይሄዳል፤ ለሁለት ዘለላ ከ7 እስከ 9 ያለው የጥልፍ መርፌ ይስማማል።

ሁለቱ ገጾች አይገጥሙም

ምክንያቱ በአብዛኛው ጨርቁን አጥፎ በአንድ ጊዜ መቅደድ ነው። ስስ ጨርቅ ይህን ይፈቅዳል። ፌልት ግን ወፍራምና ልስላሴ የሌለው በመሆኑ መቀሱ ሲዘጋ የላዩን ገጽ ወደ ፊት ይገፋዋል፣ የታቹም ሌላ ልክ ይዞ ይወጣል። አንድ አንድ ገጽ ለየብቻ ይቅደዱ። መቀሱን በአንድ ቦታ ይዘው ጨርቁን ያዙሩት እንጂ መቀሱን አያዙሩት፤ ክብ የሚያምረው እንዲህ ነው። ወረቀት የሚቆርጡበትን መቀስ ለፌልት አይጠቀሙበት፤ ወረቀት ስለት ያደክማል፣ የደከመ ስለትም ፌልትን አይቆርጥም፣ ያኝከዋል።

ዓይን፣ አፍንጫና ቅጠል የመሳሰሉትን ጥቃቅን ቅዶች በስፒል መያዝ አይቻልም፤ ስፒሉ ራሱ ጨርቁን ያጎብጠዋል። ንድፉን በስስ ወረቀት ይሳሉና በግልጽ ፕላስተር ፌልቱ ላይ ለጥፈው፣ ፕላስተሩን፣ ወረቀቱንና ጨርቁን አንድ ላይ ይቁረጡ። ከዚያ ቀስ ብለው ይላጡት። ምልክት ለማድረግ ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት የደረቀ የሳሙና ስንጥር ከእስክሪብቶ ይሻላል፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፀጉሩ ሠርጎ አይለቅም።

ተቀዶ አልቆ ከሆነስ? ልዩነቱ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ገጾቹን ሰፍተው ከጨረሱ በኋላ ትልቁን ይከርክሙ። አንዱ ቀለም በሌላው ውስጥ የሚገባበት ሥራ ላይ ክፍተት ከታየ ደግሞ የመካከለኛው እስያ ኪርጊዞችን መላ ይዋሱ። ሺርዳክ የሚባለው ምንጣፋቸው ሁለት ቀለም ፌልት ተቀዶ፣ የአንዱ ቁራጭ በሌላው ክፍተት እየገባ የሚሠራ ነው፤ ዩኔስኮ በ2012 አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ቅርሶች መካከል መዝግቦታል። መጋጠሚያው ላይ የተገመደ ክር ይሰፋበታል፣ ጌጥም ይሆናል፣ መስመሩንም ይሸፍናል። እኔ ይህን ካየሁ በኋላ ክፍተት አያስደነግጠኝም።

ሆዱ ጎርበጥባጣ ይሆናል

መሙያው በትልልቅ እፍኝ ገብቷል። ጥጥ ከሆነ ባዘቶ እስኪሆን በጣት ፈልቅቀው፣ ፋይበርም ከሆነ በታትነው፣ ጥቂት በጥቂት ያስገቡ። ከጣቶች፣ ከጆሮና ከአፍ ጫፍ ይጀምሩ፤ ሆዱ ከሞላ በኋላ ወደ ጫፍ የሚገፋ ነገር የለም። ለመግፊያ የእርሳሱን ዱልዱም ጫፍ ይጠቀሙ፣ ሹሉ ፌልቱን ይበሳል። ነጩ መሙያ በስፌቱ መካከል ብቅ የሚል ከሆነ ወይ ስፌቱ ርቋል ወይ ሆዱ ከልክ በላይ ተወጥሯል፤ ሲጫኑት ትንሽ የሚሰምጥ ያህል ይሁን። የተሰፋው ለሕፃን ከሆነ ዓይኑን በቁልፍ ሳይሆን በክር ይጥለፉት። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ የተነቀለ ቁልፍ ሊያንቀው ይችላል።

ሲታጠብ ያንሳል፣ ወይም ቀለሙ ይለቃል

የሱፍ ፌልት በሞቀ ውኃ ከታሸ፣ ከጅምሩ ፌልት ያደረገው ሥራ ይቀጥላል፤ ይጠነክራል፣ ይኮማተራል። ያነሰውን መመለስ አይቻልም። በቀዝቃዛ ውኃ በጥቂት ሳሙና ነክሮ ማውጣት፣ ሳይጠመዝዙ በፎጣ መጠቅለልና በጥላ ዘርግቶ ማድረቅ ነው የሚሻለው። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ፌልት ነጭ አጠገብ ከመሰፋቱ በፊት ቁራጩን በነጭ ጨርቅ ላይ አርጥበው ይጫኑት፤ ቀለም ካስተላለፈ ጨርቁን ለብቻው ቀድመው ይንከሩት።

ካውያ ላይ የሚነሳው ችግር ደግሞ ለሰው ሠራሹ ነው፤ ይቀልጣል ወይም ያብለጨልጫል። እርጥብ ጨርቅ ደርበው ለብ ባለ ካውያ ይጫኑት፣ አይግፉት።

ኮላው ጠልቆ ጨርቁን አደረቀው

ፈሳሽ ኮላ በፌልት ፀጉር መካከል ሠርጎ በፊት በኩል ጥቁር ነጠብጣብ ያሳያል። አይለቅም። ነጠብጣቡን በሌላ ቁራጭ ይሸፍኑት፣ ከዚያ ወዲያ በኮላ ፋንታ በክር ይስፉ።

በመኪና ሲሰፋ ጠርዙ ይወላገዳል

በሲንጀርም ሆነ በሌላ መኪና ቢሆን የጨርቅ መጫኛው እግር ግፊት በዝቶ ፌልቱን ይለጥጠዋል። ግፊቱን የሚቀንስ ብሎን ካለ ያላሉት፤ ከሌለ ስስ ወረቀት ከታች አንጥፈው ይስፉና ቀድደው ያውጡት። የስፌቱ ርዝመት ከ3 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ስፌት የሚዘል ከሆነ መርፌውን ይቀይሩ፤ የመኪና መርፌ ከእጅ መርፌ በተቃራኒ ቁጥሩ ሲጨምር ይወፍራልና ለሁለት ድርብ ፌልት 90 ወይም 14 የሚል የተጻፈበትን ይምረጡ። ከታች በኩል ክሩ ተዝረክርኮ ከታየ ጥፋቱ ከላይ ነው፦ ክሩን አውጥተው እግሩ ተነሥቶ ሳለ እንደገና ያስገቡት።

በሳጥን የተቀመጠው ተበሳስቶ ተገኘ

ብል ነው፤ የሚበላውም ሱፉን እንጂ ፖሊስተሩን አይደለም። የሚያጠፋው የብሉ እጭ (ትሉ) ነው፤ ላብና የምግብ እድፍ ያለበትን ደግሞ ያስቀድማል፤ ስለዚህ ሳይታጠብ አይቀመጥ። የተበላውን ከሌላው ለይተው በላስቲክ ከረጢት አጥብቀው ያሽጉና የፍሪጅ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ፣ ለሁለት ሳምንት ያቆዩት። ሲያወጡት ከረጢቱን ወዲያው አይክፈቱ፤ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ይጠብቁ፣ አለበለዚያ ጤዛ ያርሰዋል። ናፍታሊን ለጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ስለሆነ ከአሻንጉሊት ጋር ፈጽሞ አይቀመጥ። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ከዚያው ቀለም ሱፍ ፈልቅቀው ከቀዳዳው በላይ ያኑሩና በእሾሃማው የፌልት መርፌ ደጋግመው ይውጉት፤ ይጠላለፋል፣ ቀዳዳውም ይደፈናል። ሲወጉ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ያድርጉ፤ መርፌው ጣትን አይምርም፣ ጠመም ካደረጉትም ይሰበራል።