ላቴክ ላይ የአማርኛ ፊደል አልወጣ ሲል

ለረጅም ጽሑፍ ላቴክን (LaTeX፣ በትዕዛዝ የተጻፈን ጽሑፍ አቀናብሮ ፒዲኤፍ የሚያወጣ ፕሮግራም) የመረጥኩት ማውጫውንና የግርጌ ማስታወሻውን ራሱ ስለሚያስተካክል ነው። ፒዲኤፉ ላይ ግን አንድም የአማርኛ ፊደል አልወጣም። «ዩኒኮድ ካራክተር» የሚል ስህተት ብቻ ይደረደራል።

ኢንፑትኢንክ (inputenc) የሚባለውን ፓኬጅ፣ ማለትም የላቴክ ተጨማሪ መሣሪያ፣ በዩቲኤፍ-8 የፊደል ኮድ ጨመርኩ፤ ወይ ፍንክች! ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፤ ያው ነው።

የሠራው ኮምፓይለሩን፣ ማለትም ጽሑፉን ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይረውን ፕሮግራም፣ መቀየር ነው። የበፊቱ ኮምፓይለር ፒዲኤፍላቴክ ኮምፒውተሩ ላይ የተጫኑትን ፎንቶች በቀጥታ አይጠቀምም፤ ዚላቴክ (XeLaTeX) የሚባለው ግን ይጠቀማል። ላቴክ በምጽፍበት ፕሮግራም በቴክስስቱዲዮ ውስጥ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ኮንፊገር፣ ከዚያ ቢልድ ገብቼ ዲፎልት ኮምፓይለሩን ዚላቴክ አደረግኩት። ኢንፑትኢንክን አውጥቼ ፎንት የሚያስመርጠውን ፓኬጅ ፎንትስፔክን (fontspec) አስገባሁ። በሴትሜይንፎንት ትዕዛዝ አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለውን የግዕዝ ፊደል ፎንት ስጠራ «ሀ» ቁልጭ ብላ መጣች።

ርዕሶቹ ግን አልደመቁም፤ ይህ ፎንት ቦልድ የለውም። በኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ስተካው እሱም ተስተካከለ።