በጥራት የተቀመጠ ቪዲዮ ሲቆራረጥ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጎንደር የጥምቀትንና የሠርግን የድሮ ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጡ ወጣቶች እየበዙ መሄዳቸው ልብ የሚያሞቅ ነገር ነው። ሆኖም ጥራቱ ሳይቀነስ የተቀመጠ ፋይል ተከፍቶ ምስሉ መቆራረጥ ሲጀምር የሚወሰደው እርምጃ ብዙ ጊዜ ከችግሩ የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

ከሁሉም የሚከፋው ዋናውን ፋይል ጨምቆ መሰረዝ ነው። «ኮምፒውተሩ አልቻለውም» ተብሎ ፋይሉ ዝርዝር እየጣለ መጠኑን ወደሚያሳንሰው ኤች 264 የተባለ የመጨመቂያ ዘዴ ይቀየራል፤ የተቀየረው ሳይቆራረጥ ሲታይ ደግሞ ዋናው ቦታ ያጣብባል ተብሎ ይጠፋል። አንድ ወጣት የባሕረ ጥምቀቱን በዓል የያዘ እንዲህ ያለ ቅጂ አምጥቶልኝ ነበር። በካህናቱ ጥላ ላይ ያለው የወርቅ ዘርፍ ወደ ቢጫ ነጠብጣብ ተለውጧል፤ ከኋላ የቆመው ሕዝብ ፊትም አይለይም። ዋናውን ፋይል ብጠይቀው ተሰርዟል፤ ካሴቱም ሻግቶ ቴፑ ተጣብቋል። በመጨመቅ የጠፋ ዝርዝር በምንም ፕሮግራም አይመለስም፤ ስለዚህ ይህን ስህተት ደግሜ ደጋግሜ ባስጠነቅቅ አይሰለቸኝም። ዋናው ፋይል በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ሳይነካ ይቀመጥ፤ ለማየት ብቻ የሚያገለግል ሌላ ቀላል ቅጂ ከእሱ ይውጣ።

ይህንኑ የእይታ ቅጂ ስታወጡ ባለ 8 ቢት ኤች 264 ምረጡ፤ ብዙ ስልኮችና ላፕቶፖች ያለ ችግር ያጫውቱታል። ወደፊትና ወደኋላ ሲሄዱ እንዳይዘገይ ቢያንስ በየሰከንዱ አንድ ቁልፍ ፍሬም፣ ማለትም በሌሎች ላይ ሳይመረኮዝ ራሱን ችሎ የሚፈታ ምስል፣ ይኑረው። በአገራችን ይሠራበት በነበረው የፓል ሥርዓት የተቀረጸ ካሴት በሰከንድ 25 ፍሬም ቢኖረውም፣ እያንዳንዱ ፍሬም ከሁለት ግማሽ ምስሎች የተጠላለፈ ነው። የምስሉን መጠን ከመቀየራችሁ በፊት ጥልፍልፉን ፍቱ (ዲኢንተርሌስ አድርጉ)፤ በሰከንድ 50 ፍሬም አድርጋችሁ ካወጣችሁት የእስክስታው ትከሻ ሳይዘል ይታያል።

ሁለተኛው ስህተት መንስኤውን ሳይለዩ ዕቃ መግዛት ነው። ኤፍኤፍቪ1ን የመሰለ ጥራት የማያጎድል ኮዴክ (ቪዲዮን የመጨመቂያና የመፍቻ ዘዴ) በተለመዱት ማጫወቻዎች የሚፈታው በፕሮሰሰሩ ስለሆነ፣ ውድ የግራፊክስ ካርድ መግዛት አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ማባከን ነው። ፋይሉን ኮምፒውተሩ ውስጥ ወዳለው ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ገልብጡና አጫውቱት። መቆራረጡ ከጠፋ ጥፋቱ የውጭው ዲስክ ወይም የገመዱ ነበር፤ ካልጠፋና ፕሮሰሰሩ 100 ፐርሰንት ከደረሰ ደግሞ የመፍታት አቅም አንሷል ማለት ነው። ያልተጨመቀ፣ 1920 በ1080 የሆነ፣ ባለ 10 ቢት 4:2:2 (የቀለም ዝርዝሩ ከፍ ያለ) ቪዲዮ በ25 ፍሬም በሰከንድ 138 ሜጋባይት ያህል ይፈልጋል፤ ዩኤስቢ 2.0 ግን በወረቀት ላይ እንኳ ከ60 አያልፍም። ዲስኩን ከዩኤስቢ 3 መሰኪያ ጋር ማገናኘት ብቻውን ችግሩን የሚፈታበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስትፈትሹም ጸጥ ያለውን ክፍል አትምረጡ። በኤፍኤፍቪ1 የሚፈሰው የመረጃ መጠን እንደ ምስሉ ውስብስብነት ከፍና ዝቅ ይላል። ቄሱ ቆመው ሲያነቡ በሰላም የሚሄደው ፋይል፣ ውሃው ተባርኮ ወጣቶቹ ዘለው ሲገቡና ፍንጣቂው ምስሉን ሲሞላው ይንገታገታል። መፈተን ያለበት ያ ቦታ ነው።

የፋይሉን ስም መጨረሻ ከኤምኬቪ ወደ ኤምፒ4 መቀየር በውስጡ ያለውን ምንም አይለውጥም። መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ደግሞ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ፣ በዚያ ሰዓት በታየው ተነሥታችሁ በፋይሉ ላይ አትፍረዱ።

በመጨረሻም፣ በኤፍኤፍቪ1 ስሪት 1 የተሠሩ ፋይሎች ፍሬሙን ስለማይከፋፍሉት የፕሮሰሰሩ ኮሮች (ጎን ለጎን የሚሠሩ ክፍሎቹ) በአንድ ፍሬም ላይ ሥራ አይጋሩም። ወደ ስሪት 3 አሸጋግሮ እያንዳንዱን ፍሬም ለምሳሌ በ24 ክፍል መከፋፈል ጥራት ሳይነካ ሊያፈጥነው ይችላል። ይህን የሚያደርግ ሰው ግን የአሮጌውንና የአዲሱን ፋይል ፍሬሞች ኤምዲ5 (ከይዘቱ የሚሰላ የመለያ ኮድ) ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው ፕሮግራም አውጥቶ አንድ በአንድ ያመሳክር፤ አንድ ፍሬም እንኳ ከተለየ አዲሱ ይጣል፣ አሮጌውም ባለበት ይቆይ።