የቀለም ፋብሪካዎች እርሳስን ከምርታቸው በጋራ የሚያስወግዱበት መንገድ

በበርና በመስኮት፣ በአጥር ብረትና በሕፃናት አልጋ ላይ የተቀባ ዘይት ቀለም እርሳስ (ሊድ) ካለበት፣ ሲያረጅና ሲላጥ ብናኙ ወለል ላይ ይቀራል፤ የሚድሁ ሕፃናትም በእጃቸው እየነኩ ወደ አፋቸው ይወስዱታል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ያስገነዝባል፤ በልጆች አእምሮ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ በሕክምና የሚመለስ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 የቀለም ጠቅላላ የእርሳስ መጠን ከ90 ፒ.ፒ.ኤም. እንዳይበልጥ ተደንግጓል፤ ይህም በአንድ ኪሎ ደረቅ ቀለም ውስጥ 90 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ ለፋብሪካ ሥራ አስኪያጆች፣ ለጥራት ኃላፊዎችና ለዘርፍ ማኅበራት የቀረበ ሲሆን፣ ትኩረቱ ፋብሪካዎች ተባብረው ከዚህ ወሰን በታች በሚወርዱበት የሥራ ሂደት ላይ ነው።

ብቻውን የሚንቀሳቀስ አነስተኛ ፋብሪካ ብዙ ይቸገራል። አስመጪው በትንሽ መጠን አልሸጥም ይለዋል፤ የላቦራቶሪ ክፍያውን ለብቻው ይሸከማል፤ ቢጫ ቀለሙን ባስወደደ ማግስትም ደንበኛው ወደ ሌላ ፋብሪካ ይሄዳል። ፋብሪካዎቹ ሲተባበሩ ግን ለአቅራቢው በአንድ ድምፅ ጥያቄ ማቅረብ፣ የምርመራ ወጪን መጋራትና ሁሉም በአንድ ቀን እርሳስ መጠቀም እንዲያቆም መስማማት ይችላሉ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ከመጠራቱ በፊት ግን በስብሰባው ምን እንደሚነሣና ምን እንደማይነሣ በጽሑፍ ይወሰን። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተፎካካሪዎች ዋጋ እንዲወስኑ ወይም ገበያ እንዲከፋፈሉ አይፈቅድም። ስለዚህ ስለ ጥሬ ዕቃ ደኅንነት፣ ስለ አማራጭ ፒግመንቶች (ለቀለሙ መልኩን የሚሰጡ ዱቄቶች) ባሕርይ፣ ስለ ምርመራ ዘዴና ስለ ማቆሚያው ቀን መወያየት ይቻላል፤ የመሸጫ ዋጋ፣ የምርት መጠንና የደንበኞች ዝርዝር ግን በፍጹም መነሣት የለባቸውም። ጥሬ ዕቃ በጋራ ለመግዛት ከታሰበም አስቀድሞ የሕግ ባለሙያ ማማከር ይገባል። ስብሰባውን የሚመራው ከማንኛውም ፋብሪካ ያልሆነ ሰው፣ ለምሳሌ የዘርፉ ማኅበር ጸሐፊ ወይም የዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር፣ ቢሆን ይመረጣል፤ የእያንዳንዱ ፋብሪካ ቀመር በዚያው ፋብሪካ እጅ እንደሚቆይም በቃለ ጉባኤ ይስፈር።

ቀጥሎ ያለው ሥራ የሚጀምረው ከመጋዘን ነው። እያንዳንዱ ፋብሪካ ያለውን ፒግመንት፣ ማድረቂያ (ድራየር) እና የዝገት መከላከያ ዘርዝሮ የደኅንነት መረጃ ሰነዳቸውን ከአቅራቢው ይጠይቅ። የንግድ ስም ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ የማያሳስተው ካስ ቁጥሩ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ኬሚካል የተሰጠው ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር፣ ነው። 1344-37-2 ክሮም የሎው የሚባለው ቢጫ ሲሆን፣ በፒግመንት መለያው ቢጫ 34 ነው። 12656-85-8 ደግሞ ቀይ 104 ማለትም ሞሊብዴት ቀይ ነው። ሁለቱም እርሳስና ካንሰር አምጪ የሆነውን ባለስድስት ክሮሚየም በአንድነት የያዙ ናቸው። አረንጓዴ ቀለም ብዙውን ጊዜ ቢጫና ሰማያዊ ተደባልቆ ስለሚሠራ እሱም ከጥርጣሬ ነፃ አይደለም። የትምህርት ቤት በሮችና አጥሮች በብዛት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ እንደሚቀቡ ስናስብ፣ እርሳስ ሊኖርባቸው የሚችሉት ቀለማት ልጆች በየቀኑ የሚነኳቸው መሆናቸውን እናያለን፤ ይህን ሥራ አጣዳፊ የሚያደርገው ለእኔ ይህ ነው።

ለመቀየር የሚቀልለው ማድረቂያው ስለሆነ በእሱ መጀመር ይሻላል። እርሳስ የያዘ ማድረቂያ የሚጨመረው ቀለሙ ከላይ ብቻ ሳይሆን እስከ ውስጡ እንዲደርቅ ነው፤ ይህንኑ ተግባር ዚርኮኒየም ከኮባልትና ከካልሲየም ጋር ሆኖ ይፈጽመዋል። አዲሱን ውህድ ከነባሩ ጎን ለጎን በእኩል ውፍረት መስታወት ላይ ቀብቶ፣ ላዩም ውስጡም የሚደርቅበትን ሰዓት መመዝገብ ያስፈልጋል። ሙከራው በበጋ ብቻ ተሠርቶ መቅረት የለበትም፤ በክረምት ብርድና እርጥበት ማድረቅ ስለሚዘገይ ተጠቃሚው ቅሬታ የሚያሰማው ያኔ ነው። በብረት ላይ በሚቀባው አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ውስጥ የእርሳስ ኦክሳይድ ካለ በዚንክ ፎስፌት ይተካል። ዚንክ ክሮሜትን መተኪያ ማድረግ ግን አይገባም፤ እርሳሱ ቢወጣም ባለስድስት ክሮሚየሙ በቦታው ይቀራልና።

አስቸጋሪው ቢጫው ነው። ክሮም የሎው ርካሽ ከመሆኑም በላይ የመሸፈን ኃይሉ ከፍተኛ ነው፤ እንደ ቢጫ 74 ያሉት ኦርጋኒክ ፒግመንቶች ደማቅ ቢሆኑም ብቻቸውን ሲቀቡ ከሥር ያለውን ያሳያሉ። መፍትሔው ኦርጋኒኩን ቢጫ ከቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ጋር ማደባለቅ ነው፤ ቲታኒየሙ ሽፋኑን ይሰጣል፣ ኦርጋኒኩ ድምቀቱን ይሰጣል። ቲታኒየሙ ሲበዛ ግን ቀለሙ ይነጣል፤ ስለዚህ ትክክለኛው መጠን የሚገኘው እየቀነሱና እየጨመሩ፣ በጥቁርና ነጭ ካርድ ላይ እየቀቡና እያነጻጸሩ ነው። ፀሐይና ዝናብ ለሚመታው የውጭ ብረት ቢስመዝ ቫናዴት (ቢጫ 184) የተሻለ ይጸናል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፤ ድምቀት በማይፈለግበት ቦታ ደግሞ የብረት ኦክሳይድ ቢጫ በርካሽ ይበቃል። እያንዳንዱ ፋብሪካ ሙከራውን ሁሉ ከሚደግም ይልቅ አንዱ የውስጥ ቢጫውን፣ ሌላው የውጭውን፣ ሦስተኛው ቀዩን ፈትሾ የፒግመንቶቹን ባሕርይ ቢለዋወጡ ብዙ ጊዜና ገንዘብ ይተርፋል። በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራምና በዓለም ጤና ድርጅት በሚመራው ዓለም አቀፍ ጥምረት አማካይነት ለአነስተኛ ፋብሪካዎች የተዘጋጁ ቴክኒካዊ መመሪያዎችም አሉ፤ በናይጄሪያ፣ በዮርዳኖስና በኮሎምቢያ የሚገኙ ፋብሪካዎች ተመሳሳይ የቀመር ለውጥ ሠርተዋል።

ቀመሩ ከተቀየረ በኋላም ቀለሙ በምርመራ ሊወድቅ ይችላል፤ ምክንያቱ በማደባለቂያውና በቧንቧው ውስጥ የቀረው አሮጌ ቀለም ነው። ስሌቱን እንመልከት፦ ከደረቅ ክብደቱ 10 በመቶ ክሮም የሎው ያለበት ቀለም ወደ 64,000 ፒ.ፒ.ኤም. የሚጠጋ እርሳስ ይይዛል። ከዚህ አንድ ኪሎ ደረቅ ዝቃጭ ደረቅ ክብደቱ 500 ኪሎ በሆነ አዲስ ቀለም ውስጥ ቢገባ ወደ 128 ፒ.ፒ.ኤም. ይደርሳል፤ ይህም ከወሰኑ በላይ ነው። በዚህም ምክንያት የመጀመሪያው አዲስ ምርት ከመሠራቱ በፊት መፍጫው፣ በርሜሉና ማጣሪያው በደንብ ይታጠቡ፤ የታጠበበት ቲነርም ተመልሶ ቀለም ውስጥ አይጨመር። የቀረውን የእርሳስ ፒግመንት «ትንሽ በትንሽ እንጨርሰዋለን» ማለት ሕገ ወጥ ምርት ማምረት ነው፤ ተለይቶ ታሽጎ፣ እንደ አደገኛ ቆሻሻ ተመዝግቦ መወገድ አለበት።

ለምርመራ በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያ ብዙ እርሳስ ያለበትን ናሙና ቶሎ ለመለየት ይረዳል፤ ለ90 ፒ.ፒ.ኤም. የተጠጋውን ናሙና ግን በአሲድ አሟሙቶ የሚመረምር፣ በአይ.ኤስ.ኦ. 17025 (የላቦራቶሪዎች ብቃት ዓለም አቀፍ መስፈርት) ዕውቅና ያገኘ ላቦራቶሪ ሊያረጋግጠው ይገባል። ናሙናዎቹ ያለ ፋብሪካ ስም፣ በኮድ ብቻ ተሰይመው በአንድ ላይ ቢላኩ ዋጋው ይቀንሳል፤ ውጤቱም ለባለቤቱ ብቻ ይደርሳል። ናሙናው ከፋብሪካ ብቻ ሳይሆን ከሱቅ መደርደሪያም ይወሰድ። ሻጩ በቆርቆሮው ውስጥ የሚጨምረው ቀለም ማቅለሚያ ፔስት እርሳስ ካለበት የፋብሪካው ልፋት ከንቱ ይሆናልና፣ ፔስት አምራቾችና አስመጪዎች ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ሊጠሩ ይገባል።

የማቆሚያው ቀን ሲወሰን የፊሊፒንስ ልምድ ጠቃሚ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ትእዛዝ ለቤት ቀለሞች እስከ 2016 መጨረሻ፣ ለኢንዱስትሪ ቀለሞች ደግሞ እስከ 2019 መጨረሻ ጊዜ ሰጥቶ ነበር። እኛ ዘንድ ወሰኑ በሕግ የተቀመጠ ስለሆነ ስምምነቱ እፎይታ መጠየቂያ መሆን የለበትም፤ በቃለ ጉባኤው ላይ መስፈር ያለበት የመጨረሻው የእርሳስ ፒግመንት ግዢ የሚቆምበት ቀን፣ መጋዘን የሚፈተሽበት ቀንና በየዓመቱ ከገበያ የሚወሰደውን ናሙና የሚከታተለው ሰው ማንነት ነው።