«ምሳ ምን በላሽ?»፦ ሲኒየሮችን ለፍሬሽ ሜንተርነት ስታሠለጥኑ

በዩኒቨርሲቲ የሴቶች ዶርም (ማደሪያ) ፕሮክተር፣ ማለትም የማደሪያው ተቆጣጣሪ፣ ሆኜ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ። ልጆቹ «ማዘር» ይሉኛል፤ ገና ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ግን ተዋቸው። ፍሬሽ፣ ማለትም አዲስ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ በገባ ቁጥር «ሲኒየሮቹን ሰብስቢና ለሜንተርነት አሠልጥኚልን» እባላለሁ፤ ነባሮቹ አዲሶቹን እየተከታተሉ እንዲያግዙ ማለት ነው። በጀቱ ውኃና ብስኩት ነው። እናንተም ፕሮክተር፣ የተማሪዎች ኅብረት ተጠሪ ወይም ካውንስለር ሆናችሁ ይኸው ሥራ ከተጣለባችሁ፣ እየተሳሳትኩ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት ምርጫው ላይ ነው። ከየዲፓርትመንቱ ሰቃዮቹን (ከፍተኛ ውጤት ያላቸውን) ለቅሜ አመጣሁ። አንዷ ፍሬሽ ሎጂክ አልገባኝም ብላ ከሰቃዮቹ ወደ አንዷ ሄደች፤ «ሎጂክማ ቀላል ነው፣ ሞጁሉን አንብቢው» ተባለች። ከዚያ ወዲህ እሷንም ሆነ ሌላ ሰው ጠይቃ አታውቅም። አሁን ስመርጥ ውጤት አላይም። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፦ «ፍሬሽ እያለሽ በመጀመሪያው ሳምንት የማታውቂው ነገር ምን ነበር?» «ሁሉንም አውቅ ነበር» የምትለውን አመስግኜ እሸኛታለሁ። አንዲት ሦስተኛ ዓመት «ሻወር ቤት ውኃ የሚመጣው ሌሊት መሆኑን ሳላውቅ አምስት ቀን ሙሉ ፎጣ ይዤ ተመላልሻለሁ» አለችኝ፤ እዚያው መዘገብኳት። ዋርኒንግ (በዝቅተኛ ውጤት የሚመጣ ማስጠንቀቂያ) ገብታ የወጣች ካለችም አትለፏት። ሌሊቱ እንዴት እንደሚነጋ ከእሷ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ለአንድ ሜንተር አንድ ዶርም ስጡ። እኛ ጋ በአንድ ዶርም ስድስት አልጋ ነው፤ ስድስት ልጅ ማለት ነው። ሃያ ልጅ የተሰጣት ስማቸውን እንኳ አትይዝም።

ሥልጠናው ሁለት ቅዳሜ ጠዋት ይበቃዋል። በመጀመሪያው ዓመት እንግዳ ጋብዤ ሦስት ሰዓት በፓወር ፖይንት አስተማርኩ፤ ግማሾቹ ስልካቸውን ሲነካኩ፣ ግማሾቹ ብስኩቱን ሲጠብቁ አለቀ። አሁን ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አስቀምጣለሁ። አንዷ ፍሬሽ ትሆናለች፣ አንዷ ሜንተር። ለፍሬሿ ችግሯን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ እሰጣታለሁ፤ ሜንተሯ ማውጣት አለባት። ሁልጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው፦

«እንዴት ነሽ፣ ለመድሽ?»
«ደህና ነኝ፣ ተመስገን።»
«ችግር አለ?»
«ኧረ ምንም የለም።»
«በይ እሺ፣ የሆነ ነገር ካለ ንገሪኝ።»

አለቀ። ከዚያ ፍሬሿ ወረቀቱን ጮክ ብላ እንድታነብ አደርጋለሁ፦ «የተማሪ ምግብ ቤት መግቢያ ሚል ካርዴ ከጠፋ አራት ቀኔ ነው፤ ይቀጡኛል ብዬ ፈርቼ አልተናገርኩም፤ እናቴ የሰነቀችልኝን በሶ እየበጠበጥኩ እየጠጣሁ ነው።» ቤቱ ጸጥ ይላል። ወረቀቱ ላይ ያለው የፈጠራ ታሪክ አይደለም፤ እኔው ዶርም ውስጥ የሆነ ነው። ሜንተሯም በየቀኑ «ደህና ነሽ?» ስትላት ነበር።

እኛ ሰዎች «ደህና ነሽ?» ስንባል «ደህና ነኝ» ማለትን ከእናታችን ጡት ጋር ጠብተነዋል፤ ታምመን ተኝተን እንኳ «ደህና ነኝ» ነው የምንለው። ስለዚህ በሥልጠናው ያንን ጥያቄ ከልክሉ። በምትኩ ሐሰት ለመመለስ የሚያስቸግር ትንሽ ጥያቄ አስለምዷቸው፦ «ዛሬ ምሳ ምን በላሽ? ከማን ጋር?» «ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ተኛሽ?» «ነገ ጠዋት ምን ክላስ አለሽ? ክፍሉን ታውቂዋለሽ?» ልጅቷ «ሽሮ» ካለች የተማሪዎቹ ካፌ ገብታለች። «ብቻዬን» ካለች ወሬው ከዚያ ይጀምራል። ተራ በተራ እየተቀያየሩ ይለማመዱ፤ ከጥያቄው በኋላም ዝም ማለትን ይልመዱ። እኔ በልቤ እስከ አሥር እቆጥራለሁ፤ ሜንተሯ ከዚያ በፊት ምክር ከጀመረች «ድገሚ» እላታለሁ። ሲኒየር ምክር ለመስጠት የሚቸኩለው ነገር! ሦስተኛው ሙከራ ላይ ይሻላሉ።

ሌላው የምከለክለው ጥያቄ «ማትሪክ ስንት አመጣሽ?» የሚለው ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ልጅ የገባው በሪሚዲያል (በማካካሻ ትምህርት) በኩል ነው። በዚያ በኩል የገባች ልጅ ራሷ እስክታወራው ድረስ ማንም አያንሳባት።

«ከየት ነሽ?» ግን ያስፈልጋል፤ አጠያየቁ ነው ወሳኙ። የእኛ ከተማ ኅዳር ላይ ውርጭ ይጥላል። ከጎዴ የመጣች አንዲት ልጅ በቀጭን አንሶላ ስትንቀጠቀጥ አደረች፤ ብርድ ልብስ ይዛ እንድትመጣ ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል፣ እሷ ግን እንዲህ ያለ ብርድ መኖሩን በምን ታውቅ? በዚያ ላይ አማርኛዋ ገና ነበር። ለመጀመሪያው ሳምንት ቋንቋዋን የምትችል ሲኒየር ፈልጉላት፤ እኔ ሶማሊኛ የምትናገር የአራተኛ ዓመት ነርሲንግ ተማሪ አገኘሁ። ዶርሙን በሙሉ በአገር ልጅነት አትመድቡ እንጂ። ሞክሬው አውቃለሁ፤ ግቢው ውስጥ ወሬ በተነሳ ቀን ሁሉም በየጎራው ቁጭ አለ። ሜንተሮቹንም ፍሬሽን ለማኅበር፣ ለፌሎሺፕ ወይም ለጀመዓ መመልመያ እንዳያደርጉት ገና ከጅምሩ አስፈርሟቸው። ልጅቷ ራሷ ከጠየቀች ያሳይዋት።

ሁለተኛው ቅዳሜ በእግር ነው። ሬጅስትራር፣ ክሊኒክ፣ ላይብረሪ፣ ካፌ፣ የሥርዓተ ጾታ ቢሮ፣ ሁሉንም እያዞርኩ በየበሩ አቆማቸውና «እዚህ ስትመጪ ምን ትይዢያለሽ? ማንን ትጠይቂያለሽ? በስንት ሰዓት ይዘጋል?» እላለሁ። ሲኒየሮች ሁሉንም የሚያውቁ ይመስላቸዋል፤ አምና ከአሥራ አራቱ ክሊኒኩ ሌሊት በየትኛው በር እንደሚገባ የሚያውቁት ሦስት ነበሩ። አንድ ዓመት ደግሞ አንዱ ቀልደኛ ሲኒየር ለፍሬሾች «ላይብረሪ መግቢያ ቲኬት ይገዛል» ብሎ አሥር አሥር ብር ሰብስቧል፤ ስለዚህ ቲኬት የሚባል ነገር እንደሌለም ለፍሬሾቹ ይንገሩልኝ።

ከዚያ እርሳስና ወረቀት አምጡ። ሜንተሯ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) በእጇ ታስላ። ሦስት ክሬዲት ያለው ኮርስ ኤ ከሆነ 3 ሲባዛ በ4፣ 12 ነው፤ ሦስት ክሬዲት ያለው ሌላ ኮርስ ሲ ከሆነ 3 ሲባዛ በ2፣ 6 ነው። ድምሩ 18 ለ6 ክሬዲት ሲካፈል 3.00። ፍሬሽ ይህንን ካላወቀች «አንዱን ኮርስ ብተወው ምን አለበት» ትላለች። ዲፓርትመንት ሲመደብ የመጀመሪያ ዓመት ውጤት እንደሚታይም ብዙዎቹ የሚሰሙት ዘግይተው ነው፤ ከሚድ (ከሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) በፊት ይወቁት።

በመጨረሻ ስለ ሜንተሯ ገደብና ችግርን ለሌላ ስለ ማስተላለፍ። ብድር የለም፤ ሜንተር ገንዘብ አታበድርም፣ አትበደርም። ምስጢር ትጠብቃለች፣ ከሁለት ነገር በቀር፦ «ብኖርም ባልኖርም አንድ ነው» የምትል ልጅ ካለች፣ ወይም መምህርም ሆነ ተማሪ ያስቸገራት ካለች። ያኔ ማደር የለም፤ በዚያው ሌሊት የእኔን በር ታንኳኳለች። «ወደ ካውንስለር ሂጂ» ማለት አይበቃም፤ እጇን ይዛ ትሄዳለች፣ እስክትወጣም ውጭ ትጠብቃታለች። ይህንንም በወንበሮቹ ላይ ተለማመዱት፤ ሲያወሩት ቀላል ነው፣ ሲያደርጉት አንደበት ይያዛል።

ሜንተሮቹ መቼ ወደ ዶርሙ ይግቡ? የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌሊቶች፤ ለቅሶ የሚሰማው መብራት ከጠፋ በኋላ ነው። ከዚያ በየእሑዱ ማታ፣ የሚድ ሳምንትና ግሬድ የሚለጠፍ ቀን። እኔ በየሁለት ሳምንቱ ሰብስቤ ቡና አፈላላቸዋለሁ፤ እነሱም የሚሰሙት ይከብዳቸዋል።

ሰርተፍኬቱን ሥልጠናው ባለቀ ቀን አትስጡ። አንድ ዓመት ሰጥቼ ከሃያዎቹ አሥራ አንዱን ዳግም አላየኋቸውም። አሁን ሴሚስተሩ ሲያልቅ ነው የምሰጠው።

የክሊኒኩንና የተረኛ ፕሮክተር ስልክ በቁራጭ ካርቶን ጽፈው በየአልጋው ራስጌ ይለጥፉ። የግል ስልኬን ግን አትስጡ ብያቸው ነበር፤ ሰጡት። አምና ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተደወለልኝና ልቤ ቀጥ አለ። «ማዘር፣ ይቅርታ፣ የላይብረሪው ቲኬት ግን በእውነት የለም አይደል?»