ለዊንዶውስ የሚሆን ርካሽ ቪፒኤስ ሲመርጡ

አንዱ ደሴ፣ አንዱ ኮምቦልቻ ያሉ ሁለት ሱቆች በአንድ ፒችትሪ (የሂሳብ መያዣ ፕሮግራም) እንዲሠሩ ከተፈለገ ዊንዶውስ ያለው ቪፒኤስ (በኢንተርኔት የሚከራይ ቨርቹዋል ሰርቨር) ያዋጣል። ከዋጋው በፊት ቨርቹዋላይዜሽኑን (አንዱ ማሽን ለብዙ ሰርቨር የሚከፋፈልበትን ዘዴ) ይዩ፤ ኬቪኤም የሚባለው ይሁን። ኦፕንቪዜድ የሚባለው ሌላው ዘዴ የማሽኑን የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ስለሚጋራ ዊንዶውስ ጨርሶ አይነሳበትም።

ዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ከነዴስክቶፑ በ2 ጊጋባይት ራም ይጫናል፤ አፕዴት ሲጀምር ግን ይንቀራፈፋል። 4 ጊጋባይት ራም፣ 2 ኮርና 60 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ይያዙ።

ላይሰንሱ ዋጋው ውስጥ መኖሩን በጽሑፍ ይጠይቁ። «ነጻ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የ180 ቀን መሞከሪያ ነው፤ ሲያልቅ ሰርቨሩ በየሰዓቱ ራሱን ያጠፋል። ሁለት ሰው አንድ ላይ በሪሞት ዴስክቶፕ (ሰርቨሩን ከሩቅ በሚከፍተው ፕሮግራም) መግባት ቢችልም ፈቃዱ ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ለዕለት ሥራ የአርዲኤስ (የሪሞት ዴስክቶፕ አገልግሎት) ላይሰንስ ለየብቻ ይገዛል። ርካሹ የሚወደደው እዚህ ላይ ነው።

የዊንዶውሱን አይኤስኦ (የመጫኛ ፋይል) ራስዎ ሲጭኑ ዲስክ የለም ካለዎት አይደንግጡ፤ የጎደለው ድራይቨር ነው። የቪርትአይኦን (የኬቪኤም ድራይቨሮች) አይኤስኦ አያይዘው «ሎድ ድራይቨር» ይበሉ፣ ዲስኩ ይመጣል።

ከመክፈልዎ በፊት የአቅራቢውን መሞከሪያ አይፒ ከሱቁ ሆነው ፒንግ ያድርጉ (ምልክት ደርሶ የሚመለስበትን ጊዜ ይለኩ)፤ ማታ፣ ኔትወርክ ሲጨናነቅ። ከ200 ሚሊሰከንድ ካለፈ የሚጽፉት ፊደል ዘግይቶ ይታያል። ሪሞት ዴስክቶፑን 16 ቢት ከለር ማድረግ ትንሽ ያቀለዋል።

ሱቁ ውስጥ መብራት ቢጠፋ ሰርቨሩ ላይ የተከፈተው ሥራ እንዳለ ይቆያል። «ሳይን አውት» ካሉ ግን ሁሉም ይዘጋል፤ መስኮቱን ብቻ ዝጉት። የሪሞት ዴስክቶፕ መግቢያ የሆነውን ፖርት 3389ን ለዓለም ክፍት አይተዉት፤ የይለፍ ቃል የሚሞክሩ ቦቶች ወዲያው ይደርሳሉ። በዋየርጋርድ (ቪፒኤን) ብቻ እንዲገባ ያድርጉ።