ሦስቱ እግር ሲከዳ፦ የማንሻ ችግርና መፍትሄው

ሰሜን ሸዋ ገጠር ውስጥ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው አንድ ቀን ይህ ነገር መግጠሙ አይቀርም። ሞተሩ ይበላሻል፣ ከመሠረቱ መነሳት አለበት፣ ክሬን ደግሞ እዚያ ድረስ አይመጣም። ቢመጣም ኪራዩ ከጥገናው ይብሳል። ስለዚህ ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ አናቱ ተጋጥሞ ይቆማል (ማንሻ የምለው ይህን ነው)፣ አናቱ ላይ ፓራንኮ የምንለው የሰንሰለት መጎተቻ ይንጠለጠላል፣ ሥራው ይጀመራል።

እኔም እንዲሁ ነው የጀመርኩት። የመጀመሪያው ማንሻዬ ሞተሩን ግማሽ ሜትር ያህል ካነሳ በኋላ አንዱ እግሩ ሸርተት አለና ሁሉም ነገር ዘጭ! ተመስገን፣ ሰው አልተነካም። የነዳጅ ቱቦው ግን ተቆለመመ። ከዚያ ወዲህ ያየኋቸውን ችግሮች ከነምክንያታቸው ልንገራችሁ።

እግሩ ወደ ውጭ ይንሸራተታል

ዋናው ችግር ይሄ ነው። ብዙ ሰው ማንሻው ሲወድቅበት ፓራንኮው ያነሰ ይመስለውና ተለቅ ያለ ሊገዛ ይሮጣል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም፤ ጥፋቱ ያለው ታች ነው።

ሸክሙ ወደ ታች በጎተተ ቁጥር እግሮቹ መፈርከክ ይፈልጋሉ። አስቀድመው በሰፊው ከተፈረከኩ ደግሞ ግፊቱ ይብሳል። 600 ኪሎ ሞተር ተንጠልጥሎ እግሮቹ ከቀጥታው 20 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብሉ፣ እያንዳንዱ እግር ወደ ውጭ የሚገፋው በ70 ኪሎ ገደማ ነው። 45 ዲግሪ ሲሆን 200 ኪሎ ይደርሳል። ሞተሩ ያው ነው፣ አቋቋሙ ነው የተለወጠው። የወፍጮ ቤት ወለል ደግሞ ሲሚንቶ ነው፣ ላዩ ላይ ዱቄትና ናፍጣ አለ፣ እንኳን 200 ኪሎ 70ውንም ላይችል ይችላል።

መፍትሄው ሦስቱን እግሮች ከታች በሰንሰለት ዙሪያውን ማያያዝ ነው። ሰንሰለቱ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይበል፣ እያንዳንዱን እግር አንዴ ይጠምጥም፣ ወደ ላይ እንዳይሸሽም ከበላዩ ቡሎን አስገቡለት። ናይለን ገመድ አይሆንም፤ ይለጠጣል፣ እየተለጠጠ ደግሞ እግሩን ይለቀዋል። አፈር ላይ ከሆናችሁ ለየእግሩ ስንዝር የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ሰንሰለቱ ግን እዚያም አይቅር።

ርቀቱን በተመለከተ እኔ የምሠራበት ልክ ቀላል ነው። በሁለት እግሮች መካከል ያለው ርቀት የእግሩ ርዝመት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይሁን። 4 ሜትር እግር ከሆነ 2 ሜትር ከ60 መሆኑ ነው። ከግማሽ በታች ካጠበባችሁት አይንሸራተትም ይሆናል፣ በትንሽ ግፊት ግን ይገለበጣል።

ሙሉ ማንሻው ወደ አንድ ጎን ያጋድላል

ሸክሙ ከአናቱ ትክክል ሥር አልነበረም ማለት ነው። ሞተሩ ጥግ ላይ ስላለ ማንሻውን መሐል ላይ አቁሞ በአግድም መጎተት ያጓጓል። እንዳታደርጉት። ቅድም ባልኩት ልክ ከቆመ፣ ከመሐሉ እስከ ሁለቱ እግሮች መስመር ድረስ ያለው 75 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የሸክሙ ጉተታ ከዚያ መስመር ካለፈ ማንሻው ተከትሎት ይሄዳል። ማንሻውን ነው ወደ ሞተሩ መውሰድ። ሞተሩ ተነስቶም ከሆነ ማንሻውን እየገፉ ወደ በሩ ማንቀሳቀስ የለም፤ ከሥሩ ወፍራም ቱቦዎች አስገብቶ ማውረድና በነሱ ላይ ማንከባለል ይሻላል።

ፓራንኮ አጥታችሁ በካሩኮላ (ገመድ በሚዞርበት መዘውር) እና በገመድ የምትሠሩ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። ሦስት ጎረምሳ ውጭ ቆሞ ገመዱን ሲስብ ማንሻውንም አብሮ ወደ ራሱ እየሳበ ነው። በዚያ ላይ አናቱ የሚሸከመው ሸክሙን ብቻ አይደለም፤ የሳቢዎቹም ጉልበት ይጨመርበታል። በአንድ ካሩኮላ 200 ኪሎ ድንጋይ ስታነሱ፣ ሰዎቹ ቁልቁል ከሳቡ፣ አናቱ ላይ ቢያንስ 400 ኪሎ ያርፋል። ሁለተኛ ካሩኮላ ከአንዱ እግር ግርጌ እሰሩና ገመዱ እግሩን ተከትሎ ወርዶ በዚያ ይውጣ፤ መገልበጡ በእጅጉ ይቀንሳል። ያ እግር ግን አሁን ወደ ሳቢዎቹ ስለሚጎተት በካስማ አጥብቃችሁ ያዙት።

አንዱ እግር ይሰምጣል

እነዋሪ በኩል የሠራ ያውቀዋል። ጥቁሩ አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ ድንጋይ ይመስላል፣ ክረምት ሲመጣ ጭቃው ጉልበት ይውጣል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ወፍራም ጣውላ ከእግሩ ሥር ይግባ። ሽቅብ ቁልቁሉ ሁሉ ድንጋይ በሆነበት አገራችን ይሄ አይቸግርም። እግሩ ትንሽ ከሰመጠ አናቱም ወደዚያው ስለሚሄድ፣ ሸክሙን ካወረዳችሁ በኋላ እንደገና ቱንቢ ጥላችሁ መሐሉን ፈልጉ።

አናቱ ላይ ይንቋቋል

አፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ባሕር ዛፍ ቤታችንም አጥራችንም ሆኗል፣ ማንሻችንም መሆኑ አይገርምም። ክፋቱ ሲደርቅ ከጫፉ መሰንጠቁ ነው። ለቡሎን የሚበሳው ቀዳዳ ወደ ጫፉ ከቀረበ ስንጥቁ ቀዳዳውን ያገኘዋል። ከጫፉ ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ብሱት፣ ከቀዳዳው በላይም በታችም ላሜራ ወይም ሽቦ አጥብቃችሁ ጠምጥሙ። ከቡሎኑ ሥር ሰፊ ሮንዴላ ይግባ። በገመድ የምታስሩ ደግሞ ልጡን ላጡት፤ እርጥብ ልጥ ከሥሩ ያሟልጫል፣ ገመዱም አብሮት ይወርዳል። ፓራንኮውንም አንዱ ግንድ ላይ ብቻ አትስቀሉ። የሚንጠለጠልበት ሰንሰለት በሦስቱም መጋጠሚያ ላይ ይዙር።

እግሩ ይጎብጣል

ቀጥኗል ወይም ረዝሟል። የአንድ ግንድ ርዝመት እጥፍ ሲሆን መጉበጥን የሚቋቋምበት አቅም ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከሚያስፈልጋችሁ ከፍታ በላይ ረጅም ግንድ አትምረጡ። ለ4 ሜትር እግር ቀጭኑ ጫፍ ከ12 ሳንቲ ሜትር ባያንስ ደስ ይለኛል። ጠማማ ግንድ ለማገዶ።

ፓራንኮው ሸክሙን ቀስ እያለ ይለቃል

ይሄን አንድ ጋሼ ወፍጮ ቤት አየሁ። ሰውየው ንብረቱን የሚወድ ነው፣ ሰንሰለቱን ግሪስ ቀብቶ ውስጡንም በደንብ አጠገበው። ፍሬኑም ውስጥ ነው ያለው! የፍሬኑ ሸራ ደረቅ ካልሆነ አይነክስም። ፈትታችሁ ሸራውን አጽዱ፣ ዘይት ጠጥቶ ከሆነ ቀይሩት። ለሰንሰለቱ ቀጠን ያለ ዘይት ይበቃዋል።

መንጠቆውንም እዩት። አፉ ከፈታ፣ ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል ማለት ነው። አግሎ በመዶሻ መመለስ የሚባል ነገር አለ፤ ብረቱ ጥንካሬው ስለሚበላሽ ቅርጹ ቢመለስም አይታመንም። ጣሉት። ሰንሰለቱ ከተጣመመም ፍቱትና አስተካክሉ፤ እንደተጣመመ አታንሱ።

ሁሉን አስተካክላችሁ ስታበቁ ሸክሙን 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ አንሱና ተዉት። ሻይ እስኪጠጣ ይቆይ። እግሮቹን፣ ሰንሰለቱን፣ አናቱን ዙሩና እዩ፤ የሚንቋቋ ነገር ካለ አሁን አውርዱት፣ ቢወድቅም የሚወድቀው ከ10 ሳንቲ ሜትር ነው። ወፍጮ ቤት ደግሞ ተራ ጠባቂ አይጠፋበትም፣ ጆንያው ላይ የተቀመጠ ልጅም አይጠፋም። ከማንሳታችሁ በፊት ሁሉንም ወደ ውጭ አስወጡና በሩን ዝጉ።