መተማ ለከብት ጥበቃ ለምትወርዱ የመንዝ ልጆች

ከመሀል ሜዳም ከሞላሌም ለከብት ጥበቃ ወይ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ምትወርዱ፣ እኛ ብርድ ለምደን ነው ያደግነው ቆላው ሌላ ነገር ነው። እዛ ሱዳን ድንበር ጋ ሜዳ ላይ ከብት ስታሳድሩ የተሰነጠቀ ዋልካ መሬት ላይ ወይ ግራር ስር እንዳትተኙ፣ ካላዛር (ትኩሳት የሚያመጣና ጣፊያ የሚያሳብጥ በሽታ ነው) ምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ እዛ ነው ምትደበቀው፣ ከመሸ እስኪነጋ ነው ምትነክሰው ደሞ እንደ ቢንቢ ድምፅ የላትም። አጎበር ያዙ፣ ባናውን እንኳን ቤት ተዉት 😂

ትኩሳቱ 2 ሳምንት ካለፈ ወባ ነው እያላችሁ ኪኒን መዋጥ ብቻ አይደለም፣ በተለይ ጣፊያ ካበጠ የካላዛር ምርመራ ስሩልኝ በሉ። መተማ እንደነበራችሁም ንገሩ፣ አገር ቤት ከገባችሁ ከወራት በኋላም ሊነሳ ስለሚችል ደጋ ያለ ሀኪም ካልነገራችሁት ላይጠረጥረው ይችላል